ቆጠራ፣ አደራና የከሳ በሬ

የከብትን ጤናና አመጋገብ መከታተያ መሣሪያዎች ከእረኛ ዐይን ጀምረው በላም አንገት ላይ እስከሚታሰር የኤሌክትሮኒክስ ማሰሪያ ይደርሳሉ። ሥራቸው አንድ ነው፤ አፍ የሌለው እንስሳ ያለበትን ሁኔታ ለባለቤቱ ይነግራሉ። ነገሩ የእርባታ ባለሙያ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ሁለት የሃይማኖት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ ሰው ከፈጣሪ የተሰጠውን ሀብት እየቆጠረና እየለካ ሲጠብቅ አደራውን እየተወጣ ነው ወይስ በሰጪው ላይ ያለውን እምነት እያጎደለ የሚለው ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል፤ ከብቱ መክሳቱን ለክቶ ያወቀ፣ የሚያበላው ግን የሌለው ሰው፣ ዕውቀቱ ምን ይጠቅመዋል? ምንስ ዕዳ ይጭንበታል?

ጥያቄዎቹን ለማየት ደቡብ ወሎ የሚመች አገር ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐይቅ የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ናት፤ መንገዱ ከዚያ አልፎ ወደ አምባሰል ወረዳ ከተማ ወደ ውጫሌ ያመራል። በዚህ አገር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መስክ ያግጣሉ፣ በአንድ ወንዝ ያጠጣሉ። የሚለያዩት ቢላዋ ሲነሣ ነው፤ የሁለቱም ወገን እንግዳ በተጠራበት ድግስ ሁለት አራጅ ይቆማል። ከብቱ በሕይወት ሳለ ግን ጣጣው የጋራ ነው። የአንድ ቤት ከብት ጥቂት ነው፤ ጥማድ በሬ ያለው ደህና ገበሬ ይባላል። መኖው በአብዛኛው ከሰብሉ የሚተርፈው ነው፤ የጤፍ ጭድ፣ የስንዴና የገብስ ገለባ፣ የማሽላ አገዳ፣ ከተገኘም ድርቆሽ። ሰብል የጠፋ ዓመት ጭዱም አብሮ ስለሚጠፋ የሰውና የከብት ረኀብ በአንድ ቀን ይወለዳል ማለት ይቻላል።

የእረኛው ምርመራ የራሱ ሥርዓት አለው። ጤነኛ ከብት በቀን ሰባት ስምንት ሰዓት ያህል ያመሰኳል፤ ጥላ ሥር ተኝቶ የማያመሰኳ ከብት ያየ እረኛ ሌላ ምልክት አይጠብቅም። አፍንጫው የደረቀ፣ ጆሮው የወደቀ፣ ጠጉሩ የቆመ፣ እበቱ ከወትሮው የቀጠነ ወይም የጠጠረ ከብት ሁሉ በቤት ውስጥ ይወራለታል። ማታ ከብቱ ሲገባም የጎደለ መኖሩ የሚታወቀው በመቁጠር አይደለም፤ ቡሬ የለችም፣ ዳልቻ ወደኋላ ቀርቷል ይባላል እንጂ። እያንዳንዱ ከብት ከትናንት ራሱ ጋር ይነጻጸራል። ይህን ነጥብ መያዝ ያስፈልጋል፤ በጣም ዘመናዊ የሚባለው መሣሪያ የሚሠራውም በዚሁ ዘዴ ነውና።

በባለሙያ እጅ ካሉት መሣሪያዎች ርካሹ እጅና ዐይን ብቻ የሚጠይቀው የሰውነት አቋም ምዘና ነው። ለሻኛማ ከብቶች የሚሆነውን መመሪያ ኒኮልሰንና ባተርወርዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት አዲስ አበባ በሚገኘው፣ በኋላ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም አካል በሆነው ማዕከል ነው። መመሪያው ከብትን ከሲታ፣ መካከለኛና ወፍራም ብሎ ይከፍልና እያንዳንዱን መልሶ በሦስት ይሸነሽናል፤ ዘጠኝ ደረጃ ማለት ነው። መዛኙ የጀርባውን አጥንት፣ ጎድኑን፣ ዳሌውን፣ የጅራቱን ሥርና ሻኛውን አይቶና ዳስሶ ይፈርዳል። አንድ ጊዜ የተሰጠ ደረጃ ብዙ አይናገርም፤ በጥር መካከለኛ የነበረ በሬ በሚያዝያ ሁለት ደረጃ መውረዱ ግን የሰኔን እርሻ ከወዲሁ ይናገራል። የደረት ዙሪያ ሜትርም አለ፤ ዙሪያውን ለክቶ ክብደት ይገምታል፣ መድኃኒት በኪሎ ልክ ለመስጠት ይረዳል። ለፈረንጅ ዝርያ የተሠራ ሜትር በአገር ዝርያ ላይ ሲውል ግን ያሳስታል። ቴርሞሜትሩ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ከግማሽ ያለውን ሙቀት ደህና ይላል። የካሊፎርኒያ ምርመራ የሚባለው ደግሞ አራት ጎድጓዳ ሳህን ባለው ገበታ ላይ ከየጡቱ የታለበ ወተትን ከፈሳሽ መመርመሪያ ጋር ያዋሕዳል፤ ወተቱ ከወፈረና ከተጓጎለ ላሟ ሕመም ሳታሳይ ጡቷ ታሟል ማለት ነው።

መኖውን መለካት ከብቱን ከመለካት ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በላም ጨጓራ ውስጥ ገለባን የሚፈጩት በዐይን የማይታዩ ተሐዋስያን ናቸው፤ እነርሱም ፕሮቲን ይፈልጋሉ። የመኖው ፕሮቲን ከመቶ ሰባት እጅ ሲያንስ ሥራቸው ይዳከማል፣ ገለባው በሆድ ውስጥ ይቆያል፣ ከብቱም እየራበው መብላት ይቀንሳል። የእህል ገለባ በአብዛኛው ከዚህ ልክ በታች ነው። ሆዱ ሞልቶ የሚከሳ በሬ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሞላ ሆድ ያየ ባለቤት ጠግቧል ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ጥቂት ፋጉሎ ወይም የባቄላ ገለባ ሲጨመርበት ያው ጭድ የተሻለ ይፈጫል። ከላይ የተጠቀሰው ተቋም የመኖ መገምገሚያ ዘዴም አለው፤ ገበሬዎችን ሰብስቦ በየወሩ ምን መኖ እንደሚገኝ፣ ምን እንደሚጎድልና ማን እንደሚያቀርበው ይጠይቃል። ጥናቱ የሚነሣው ከመንደሩ ሰው ቃል ስለሆነ ከብዙዎቹ መሣሪያዎች ይልቅ ለዚህ አገር ይቀርባል።

በአንገት ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ የላሟን እንቅስቃሴና ማመስኳቷን ቀን ከሌሊት ይመዘግባል፤ የዛሬውን ከራሷ ካለፉት ቀናት ጋር አነጻጽሮ ሲቀንስ ለባለቤቱ ስልክ ያስታውቃል። በጨጓራ ውስጥ ተቀምጦ ሙቀትና አሲድነት የሚለካም አለ። እነዚህ የተሠሩት አንድ ሰው ብዙ መቶ ላሞች ለሚጠብቅበት እርባታ ነው፤ እዚያ የጠፋውን የእረኛ ዐይን ይተካሉ። በሐይቅ ዙሪያ ዐይን አልጠፋም። አራት ከብት ላለው ቤት እንዲህ ያለውን መሣሪያ እንደ ሥልጣኔ ማቅረብ ጥያቄውን መሳት ነው። በዐይን የማይታየው በሽታ ግን የትም አለ። የጉበት ትል በረግረግ ግጦሽ ከቀንድ አውጣ ተነሥቶ ከብቱን ወራት ሙሉ ሳያስታውቅ ይበላል፤ ዕንቁላሉ የሚገኘው እበቱ በላቦራቶሪ ሲታይ ነው። የሳንባ ነቀርሳና ውርጃ የሚያመጣው ብሩሴሎሲስ ጤነኛ በምትመስል ላም ውስጥ ኖረው ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ይሻገራሉ። ኮምቦልቻ ያለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ የባለቤቱ አደራም ከከብቱ አልፎ ወተት እስከሚገዛው ጎረቤት ይዘረጋል።

የእምነቱ ጥርጣሬ ከቆጠራ ይጀምራል። ገበሬ ስንት ከብት አለህ ሲባል ቁርጡን መናገር አይወድም። ግብር ይፈራል፣ የሰው ዐይን ይፈራል። የሰባ ጊደር አይቶ ማሻ አላህ ወይም እግዜር ይባርክ ሳይል ያለፈ መንገደኛም ይጠረጠራል። ፍርሃቱ የመጽሐፍ ድጋፍ አለው፤ በሳሙኤል ካልእ ምዕራፍ 24 ዳዊት ሕዝቡን በማስቆጠሩ ቸነፈር ወርዷል። ነገር ግን ያው ብሉይ ኪዳን በዘሌዋውያን መጨረሻ ከበትሩ ሥር የሚያልፈው እያንዳንዱ ዐሥረኛ እንስሳ ለእግዚአብሔር እንዲለይ ያዝዛል፤ ሳይቆጥሩ ዐሥራት የለም። በእስልምናም ዘካ ቁጥር ይጠይቃል፤ 30 የግጦሽ ከብት ያለው አንድ ዓመት የሞላው ጥጃ፣ 40 ያለው ሁለት ዓመት የሞላት ጊደር ያወጣል። የሚያርስ በሬ በብዙዎቹ ሊቃውንት ዘንድ ከዚህ ነፃ ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት አቡነ ኢየሱስ ሞአ ለገዳሙ ባስጻፉት ወንጌል ውስጥም የገዳሙን መጻሕፍት የሚዘረዝር ማስታወሻ ይገኛል፤ አደራ የተቀበለ ሰው ዝርዝር ይይዛል። ዳዊት ያስቆጠረው ሰይፍ የሚመዝዘውን ነው፤ ምን ያህል ኀይል እንዳለው ሊያውቅ። ዐሥራቱና ዘካው የሚቆጥሩት ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት ሊያውቅ ነው። የከብት መከታተያ መዝገብም በዚህ ሚዛን ቢታይ ከሁለቱ ወደ የትኛው እንደሚጠጋ የሚወስነው መዝገቡን የያዘው ሰው ነው፤ ግብር ለመጣል ብቻ የሚቆጥር ጽሕፈት ቤት የገበሬውን ዝምታ በራሱ እጅ አምጥቶታል።

ሁለተኛው ጥርጣሬ የበሽታ ምንጭ ማን ነው የሚለው ነው። በሐዲስ እንደተዘገበው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በሽታ በራሱ አይተላለፍም ባሉ ጊዜ አንድ የገጠር ሰው ስለ ግመሎቹ ጠየቀ፤ ጤነኞቹ መካከል አንድ እከካም ግመል ሲገባ ሁሉንም ያሳክካቸዋልሳ? የተመለሰለት ጥያቄ የመጀመሪያውን ማን አስያዘው የሚል ነበር። በዚሁ ሐዲስ ጎን ሌላ ተዘግቧል፤ የታመሙ እንስሳት ያሉት ሰው ጤነኞች ወዳሉት እንዳያመጣቸው ይከለክላል። ሊቃውንት ሁለቱን ሲያስታርቁ ብዙዎቹ የደረሱበት፣ ምክንያት በራሱ ኀይል እንደሌለውና ፈጣሪ ግን በምክንያት እንደሚሠራ ነው። የእንስሳት ሐኪም ከዚህ በላይ አይጠይቅም። አባ ሰንጋ የገደለው ከብት ሳይገፈፍ በጥልቅ እንዲቀበር፣ ጎርርሳ የገባበት መንደር ከብት ወደ ገበያ እንዳይወጣ የሚያዝዘው የሩቁን ምክንያት ለሃይማኖት ትቶ የቅርቡን ለመቁረጥ ነው። ግመልህን እሰርና ተመካ የሚለው ትምህርትም በዚሁ መንገድ ይሄዳል።

የነገሩ ትልቁ ፈተና በዚሁ አገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1887 በምፅዋ በኩል ጣልያኖች ባስገቧቸው ከብቶች የመጣው የደስታ በሽታ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከአገሪቱ ከብት አብዛኛውን፣ በብዙ ግምት እስከ ዘጠና በመቶ ፈጀ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል በአምባሰል ሲፈረም በሬው በየቦታው እያለቀ ነበር። ክፉ ቀን የተባለው ዘመን የመጣው መሬቱ እያለ የሚያርሰው በሬ በማለቁ ጭምር ነው፤ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸውም ይተረካል። በጊዜው የተሰጠው ምላሽ ጸሎትና ምሕላ ነበር፤ ሌላ የሚሰጥ አልነበረምና ይህን መንቀፍ ከንቱ ነው። በሽታው ከምድር መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። ያጠፋው ክትባቱ ብቻ አይደለም። በዐፋር ሙቀት የሚችል ክትባት ይዘው የሄዱት ከማኅበረሰቡ የተመረጡ ከታቢዎች ነበሩ፤ በሽታው የት እንዳለ ለማወቅም የአርብቶ አደሩ ምስክርነት እንደ መረጃ ተቆጠረ። ከዚያ የመጣው ምዕራፍ ይበልጥ ያስደንቃል። የተከተበ ከብት ደም ውስጥ የሚገኘው መከላከያ ታሞ ከዳነው አይለይም፤ ስለዚህ በሽታው መጥፋቱን ለማረጋገጥ መከተብ መቆም ነበረበት። ጥበቃን ትቶ፣ ከክትባቱ መቆም በኋላ የተወለዱ ጥጆችን ደም እየመረመሩ የሌለን ነገር መፈለግ። ይህን ያደረጉት አገሮች እምነት የሚባለው ነገር ምን ያህል መለኪያ እንደሚፈልግ፣ መለኪያም ምን ያህል እምነት እንደሚፈልግ አሳይተዋል።

ስለ ከሳ እንስሳ ደግሞ ሃይማኖቶቹ ከሚጠበቀው በላይ ዝርዝር ይናገራሉ። ነቢዩ ሙሐመድ ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ ግመል ባዩ ጊዜ፣ መናገር ስለማይችሉት እንስሳት ፈጣሪን ፍሩ ብለው መገሠጻቸው ተዘግቧል፤ ያዩት ዛሬ መዛኙ ከሚያየው ቦታ ነው። ለዐረፋ ዕርድ የማይበቁት አራት ናቸው፤ አንድ ዐይኑ መታወሩ የታወቀ፣ በሽታው የታወቀ፣ አንካሳነቱ የታወቀና መቅኔ እስኪያጣ የከሳ። ዘሌዋውያንም ነውር ያለበትን መሥዋዕት ይከለክላል፤ ነቢዩ ሚልክያስ አንካሳና በሽተኛ የሚያቀርቡትን ይወቅሳል። ለመሥዋዕት የሚደረገው ምርመራ ግን በቀኑ የሚደረግ ነው፤ ከብቱ ከመክሳቱ በፊት ስለነበሩት ወራት አይጠይቅም። ስለ ወራቱ የሚጠይቀው የመጽሐፈ ምሳሌ ትምህርት ነው፤ ምዕራፍ 27 ላይ ባለ መንጋው የመንጋውን መልክ ተግቶ እንዲያውቅ፣ ምዕራፍ 12 ላይ ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ እንዲያስብ ይመክራል። በነነዌ ታሪክ ደግሞ ከብቱ ሳይበላና ሳይጠጣ ከሰው ጋር ጾሟል፤ ቤተ ክርስቲያን ጾሙን በየዓመቱ ሦስት ቀን ታስባለች። በዮናስ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር ከተማዪቱን የሚምርበትን ምክንያት ሲናገር ሰዎቹን በቁጥር ይጠቅስና ብዙ እንስሳም ይጨምርበታል። ለእንስሳቱ ቁጥር አልተሰጠም፤ ምሕረቱን ግን ተካፍለዋል።

እዚህ ድረስ ያለው ለባለቤቱ የተነገረ ነው። መለኪያው መክሳቱን ሲናገርና መኖ ሲጠፋ ምን ይሆናል? የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ጉዳዩን ቀድመው አንሥተውታል። እንስሳን መቀለብ ግዴታ ነው፤ ማለብ የሚቻለውም ጥጃውን ከማይጎዳው ነው። ያልቻለ ባለቤት በሻፍዒ መዝሀብ ዘንድ እንዲቀልብ፣ እንዲሸጥ ወይም የሚበላ ከሆነ እንዲያርድ ዳኛ ያስገድደዋል። በአቡ ሐኒፋ አመለካከት ግዴታው በእርሱና በፈጣሪው መካከል ነው፤ ይመከራል እንጂ በፍርድ አይገደድም። በወሎ ሁለቱም መዝሀቦች ተከታይ አሏቸውና ልዩነቱ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ሁለቱም ግን አንድ ነገር አስቀድመው ይወስዳሉ፤ የሚሸጥ ሰው ገዢ ያገኛል ብለው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ላይ የሆነው ይህን ይፈትናል። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የድህነትና የረኀብ ጥናቱ ስለ ወሎ ሲጽፍ፣ በደሴ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ ከጠቅላይ ግዛቱም እህል ወደ ውጭ ይወጣ እንደነበር አሳይቷል። የተራበው መግዣ ያጣው ነው። አርብቶ አደሩ በድርቁ ከብቱ ከማለቁ በተጨማሪ፣ የተረፈው ከብት በእህል ሲለወጥ የሚያወጣው ዋጋ ወደቀበት። ሁሉም በአንድ ጊዜ የከሳ ከብቱን ሲያወጣ ሽያጩ መውጫ መሆኑ ይቀራል። የዝናቡ መክዳት ለመንግሥት ሰዎች ያልታወቀ አልነበረም፤ ለዓለም የታወቀው ግን በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ሲታይ ነው። በዚያን ጊዜ የጎደለው ዕውቀት አልነበረም። ባለቤቱ አቅም ሲያጣ አደራው አይጠፋም፤ ዕውቀቱ ወደ ደረሰበት ይሸጋገራል፣ ወደ ቀበሌ፣ ወደ ወረዳ፣ ወደ መንግሥት። የከብት አቋም መዝገብ የሚያከብደውም የባለቤቱን ሸክም ሳይሆን መዝገቡን ተቀብሎ ዝም ያለውን ሰው ሸክም ነው።

ከዚህ የተማሩ መመሪያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ የታተመው ዓለም አቀፍ የአደጋ ጊዜ የእንስሳት ድጋፍ መመሪያ፣ ብዙ ልምዱን ከኢትዮጵያ አርብቶ አደር አካባቢ የወሰደው፣ ከብቱ ገና ሥጋ ሳለው ነጋዴ እንዲገዛው፣ ከከሳ በኋላ ለመራቢያ የሚተርፈው መኖ እንዲቀርብለት፣ ተስፋ የሌለው ታርዶ ሥጋው ለችግረኛ እንዲከፋፈል ይላል። የአቋም ደረጃው እዚህ ላይ ሰዓት ይሆናል፤ ጊዜው ካለፈ ገዢ አይመጣም።

የደጋው ገበሬ ግን በዚህ መመሪያ በደንብ አይሸፈንም። ለአርብቶ አደሩ መንጋ መቀነስ መዳኛ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት በሬ ያለው ሰው የሚቀንሰው የለውም። የሸጠው በሬ ዝናቡ ሲመጣ ያልታረሰ መሬት ነው፣ ወይም በእኩል ለሌላ የተሰጠ መሬት። አንድ በሬ የቀረው ሰው ከሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር ይቀናጃል፤ ሁለቱ ተራ በተራ ያርሳሉ። መቀናጆ ያለበት በሬ ሲከሳ ጉዳቱ በሁለት ቤት ላይ ስለሚወድቅ፣ አጋሩ መጥቶ የበሬውን ጎድን መዳሰሱ፣ ምን እንደሚበላ መጠየቁ፣ ጭድ ቢተርፈው ማምጣቱ ጣልቃ መግባት አይባልም። በአንድ ቤት ሳይዘጋ፣ የጠያቂ መብትና የሰጪ ግዴታ አብረውት ያሉበት ክትትል በዚህ አገር የሚገኘው እዚህ ነው። የወረዳው መዝገብ ግን የበሬውን ባለቤት ስም ብቻ ይይዛል፤ የሚቀናጀው ሰው አይጻፍም።